ለማሽኑ እጅ የሚነሱ ፈረንጆች

ሰኞ፣ ኖቬምበር 13 ቀን፣ በቡድሃ ዘመን 2566፣ በአክስት ላምዱዋን ዳስ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰማያዊ ሱሪ ተገኘ። የግራ እግሩ ጠርዝ ተቀምቅሟል። የቀኙ በስፒል እንደተያያዘ ነው፤ ክር የገባበት መርፌም ጨርቁ ላይ ተሰክቷል። ሱሪው ታ ሉዋን ከተማ ውስጥ ከአንድ ሰው በቀር ለማንም አይሆንም። ያ ሰው ሆላንዳዊው ሄንክ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም የዳሱን ላስቲክ በአናቱ የሚያነሳው።

የዚህ ሱሪ ነገር የሚገባው የመጀመሪያውን ሱሪ ለሚያውቅ ነው።

የመጀመሪያው የባሏ የካምፖን ነበር። ካምፖን በሜኮንግ ወንዝ ላይ ሰው የሚያሻግር ጀልባ ነጂ ነበር፤ ሆዱ ትልቅ፣ ሱሪው ሰፊ፣ ወገቡ ላይ በገመድ የሚታሰር። እሱ ሲሞት አንድ ልጃቸው ከኮሪያ መጣ፣ አባቱን አስቃጠለ፣ አመዱን ወንዙ ላይ በተነ፣ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ። አክስት ላምዱዋን ቤቷ ተቀምጣ ግድግዳ ስታይ ከረመች። ግድግዳ ቢያሾፉበት አይናደድ፣ ቢያወሩለት አይስቅ። እንዲህ ሆኖ መኖር እንደማትችል ሲገባት ፎቶ ኮፒ ማሽን ገዛችና በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከማንጎው ዛፍ ጥላ ላይ ዳስ ጥላ ተከለችው። ሰው የማይጠፋበት፣ ያውም ግራ የተጋባ ሰው የማይጠፋበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር።

በቁምጣ የመጣውን ፈረንጅ ሁሉ ዘበኛው ከበር ይመልሰዋል። የተመለሰውን አክስት ላምዱዋን ትጠራውና የካምፖንን ሱሪ ከቁምጣው በላይ ታጠልቅለታለች። ቀጭኑን ሁለት ጊዜ ትጠመጥምበታለች፣ ወፍራሙን ትንፋሹን አስይዛ ታስረዋለች። ውስጥ ያሉት ፖሊሶች ሱሪውን ከሰውየው በፊት ያውቁት ነበር፤ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ሲገባና ሲወጣ ያዩታል፣ ትንፍሽ አይሉም። ሱሪ ይልበስ ነው ያሉት፤ የራሱን ሱሪ አላሉም።

ገመዱን እያሰረች ትመክራቸዋለች። ለምሳ ሰዓት ሲቃረብ አትግባ፤ የራበው ፖሊስ የሚያየው ሩዝ እንጂ ወረቀት አይደለም። በየቅጂው ላይ ፈርም፣ ባዶ ነው ብለህ የምትንቀውም ላይ። ድምፅህን ከፍ ያደረግህ ቀን ወረቀትህ ከክምሩ ሥር ይገባል። ነገ ና ቢሉህ ሳቅ፤ ከነገ ወዲያ ቢሉህ ይበልጥ ሳቅ። ሞተር ስትከራይ ፓስፖርትህን አታስይዝ። ሳንቲም ከእጅህ አምልጦ ቢንከባለል በእግርህ አታቁመው፣ የንጉሡ ፊት አለበት። ውሻ ቢመጣብህ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በል፤ ድንጋዩ ባይኖርም የዚህ ከተማ ውሾች የቀረውን ያውቁታል። የፓፓያ ሰላጣ ስታዝ ቃሪያ አይግባበት ብትል ሁለት ይገባበታል፤ ተንኮል አይምሰልህ፣ ያለ ቃሪያ መውቀጥ እጃቸው ስለማይታዘዝ ነው። ሩዝ በላህ ወይ ብለው ሲጠይቁህ ሰላምታ ነው፣ ቁርስህን አትዘርዝር። ደግሞ ጥሩ ነገር ያለው ሰው ሲመሰገን ‘ኧረ ምንም አይደለም’ ይላል፤ አትመነው፤ ይሄን ጊዜ ነው ነገሩ እውነት የሚሆነው።

ምክሯ ሁሉ ትክክል ነበር። አንዱ ሲቀር።

የመጀመሪያዋ ማሽን በአንድ የሚያቃጥል ሚያዝያ ሞተች። የሚያነሳት ሰው ስለጠፋ አዲሲቱን ከጎኗ አስቀምጣ፣ አሮጊቷን ከዛፉ ግንድ ጋር ተወቻት። በዚያ ሰሞን ነው ሄንክ የመጣው። ሆላንድ ውስጥ መርከብ ሲበይድ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ የታ ሉዋንን ልጅ ቡንማን ያገባ፣ የቡንማን ቋንቋ ግማሹን በአፉ ግማሹን በእጁ የሚናገር። ሦስተኛ ጊዜ ወረቀቱ ተመልሶበት ሲወጣ ፊቱ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀልቷል። በካምፖን ሱሪ ውስጥ ሆኖ፣ ሱሪው ከቅልጥሙ ሳያልፍለት፣ እየጮኸ መጥቶ የሞተችዋን ማሽን በእግሩ ጎሸም አደረጋት።

አክስት ላምዱዋን የራሷን እግር የረገጣት ያህል ደነገጠች፤ ወይም የደነገጠች መሰለች።

“እግርህን አንሳ፣ ወንድሜ። የዚህ ደጅ ታላቅ ናቸው።”

“ማን?” አለ ሄንክ ዙሪያውን እያየ።

“እሳቸው። ወረቀቱ እንዲያልፍለት የሚፈልግ መጀመሪያ እጅ ይነሳቸዋል። አንተ ሦስት ጊዜ የተመለስከው ለምን መሰለህ?”

ሄንክ ማሽኗን አየ፣ እሷን አየ። ፊቷ እንደ ሐውልት ነው። መዳፎቹን ገጠመ፣ ያን ሁሉ ቁመት አጥፎ እጅ ነሳ። አክስት ላምዱዋን ቀስ በል፣ እንደሱ በጥድፊያ አይሆንም አለችው፤ እንደገና አጎነበሰ። እሷ ከዛፉ ጀርባ ዞራ ሻሿን ነክሳ ሳቀች። ካምፖን ከሞተ ወዲህ ሆዷን ያመማት ሳቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

መቼም ሁለት ጊዜ አጎንብሶ እየጮኸ የሚገባ ሰው የለም። ሄንክ ተረጋግቶ ገባ፣ ፈገግ አለ፣ ማህተሙን አስመታ፣ ወጣ። ሲወጣ ማንም ሳይነግረው ለማሽኗ እጅ ነሳ። በሳምንቱ ሁለት ጀርመኖች ይዞ መጣ። ከክረምቱ በፊት ከወንዙ ላይና ታች ላለው ፈረንጅ ሁሉ ሱሪ፣ ሁለት ሁለት ቅጂ፣ ከዚያም ማሽኗ፤ ሥርዓቱ ይኸው ሆነ።

የከተማው ሰው ይህን ዝም ብሎ አያይም። ከመንገዱ ማዶ ሙዝ የምትጠብሰው ዋንዲ ፈረንጅ በራሱ አገር ቤተ ክርስቲያን እንኳ እንደማይሳለም ሰምታለች። እንዲህ ያለ ሰው ወገቡን ካጠፈ ነገር አለ ማለት ነው ብላ አንድ ጠዋት ከማሽኗ ጀርባ ያለውን የቁጥር ሰሌዳ ዕድለኛ ቁጥር ቢያሳያት ብላ የሕፃን ዱቄት ቀብታ አሸችው፤ የታዩአትን ሁለት ቁጥሮች ሎተሪ ገዛችባቸው፤ ወጡላት። ከዚያ በኋላ የማሽኗ ወገብ በባለ ቀለም ጨርቅ ታሰረ። የቢጫ አበባ ጉንጉን፣ የእንጨት ዝሆን፣ ገለባ የተሰካበት ቀይ ለስላሳ በየተራ መጣ። አክስት ላምዱዋን አንድም ቀን አዎ አላለችም፤ አይደለምም አላለችም። ለስላሳው ከሞቀ በኋላ ግን ትጠጣው ነበር።

ሻምበል ቲራዋት ከባንኮክ ተዛውሮ የመጣው የመነኮሳቱ የክረምት ሱባኤ ሊገባ ሲል ነው። ወጣት፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ነገር በልኩ እንዲሆን የሚወድ። በመጀመሪያው ሰኞ በመስኮቱ ቢያይ አሥራ ምናምን ፈረንጅ ተሰልፎ ለፎቶ ኮፒ ማሽን ያጎነብሳል። ሚስተሮቹን ማን አስተማራቸው ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ፖሊስ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ራሱ ወርዶ መጣ። አልጮኸም። ከመንግሥት ደጃፍ ላይ እንዲህ ያለ መሳለቂያ እንደማይቆም በትህትና ነገራት።

“ቀልድ መሆኑን በራስዎ አፍ ይንገሯቸው፣ አክስቴ። ሱባኤው ካለቀ ማግስት አንድ ፈረንጅ እዚህ ሲያጎነብስ ካየሁ ማሽኑም ዳሱም ይነሳሉ።”

“ሁለቱም?”

“ሁለቱም።”

ያን ዕለት አክስት ላምዱዋን ቤቷ ገብታ ግድግዳውን አየችው። ግድግዳውም እንደ ድሮው ነው። በማግስቱ ማልዳ ተሰላፊዎቹ ፊት ቆመች። ውሸት ነው አለቻቸው፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ማሽኗ ሆድ ውስጥ ያለው የወረቀት ብናኝና አንድ የደረቀ እንሽላሊት ነው። ሄንክ አዳመጣት፣ ወደ ሰልፉ ዞረ፣ በነሱ ቋንቋ ረዘም አድርጎ ተረጎመ። ፈረንጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም በአንድነት ለማሽኗ እጅ ነሱ፣ ቀጥለውም ለሷ።

“ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?” አለች።

“አክስቴ ትሁት ናት አልኳቸው። ጥሩ ነገር ያለው ሰው ‘ኧረ ምንም አይደለም’ ይላል፣ አትመነው። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ።”

“ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ ነው፣ አንተ ረጅም!”

“አየህ?” አለ ሄንክ ከጎኑ ላለው ጀርመን፣ “አሁንም እንቢ አለች።”

ውሃ ወቀጣ ሆነ። በሸራ ብትሸፍናት ለሸራው እጅ ነሱ። እርጥብ ልብሷን ብታሰጣባት ልብሱ እስኪደርቅ ራቅ ብለው ጠበቁ። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጣ ራሷ ማሽኗ ላይ ወጥታ ጉብ አለች፤ ዋንዲ መጥበሻዋን ጥላ መንገዱን በሩጫ ተሻግራ በቀሚሷ ጎትታ አወረደቻት። አብደሻል ወይ፣ ለራስሽ ባታስቢ ለኛ አስቢ፣ ዕጣው ነገ ነው አለቻት።

ሱባኤው አለቀ። በዚያ ምሽት ከተማው በሙሉ በየዓመቱ በዚያ ሌሊት ከወንዙ ውስጥ ይወጣል የሚባለውን እሳት ለማየት ዳርቻው ላይ ሲያመሽ፣ የሻምበሉ እናት እማማ ፕራኖምም ከባንኮክ መጥተው ከልጃቸው ጎን በወንበር ተቀምጠው አዩ። አክስት ላምዱዋን ግን ቤቷ ቀርታ ሱሪውን አጠበች። የመጨረሻ ነው ብላ ነው ያጠበችው።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ፈረንጅ መጣ፣ ሱሪ ለበሰ፣ እጅ ነሳ። ሻምበሉ በመስኮቱ አየ። ጥቂት ቆይቶ የጭነት መኪና ከሁለት ሠራተኞች ጋር አጥሩ ሥር ቆመ። ሠራተኞቹ ማሽኗን፣ ጨርቁን፣ ዝሆኖቹን አዩ። አንደኛው ወገቡን ያዘ፤ ትናንት ማታ ነው የጀመረኝ አለ። ሁለተኛው መነኩሴ ሳይጠራ አልነካም አለ። ሻምበሉ ኮፍያውን አውልቆ ለሠራተኛው አስያዘውና የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ።

“ቲራ።”

ሰው ሁሉ ዞረ። እማማ ፕራኖም በነጠላ ጫማ፣ በአንድ እጃቸው የአበባ ጉንጉን፣ በሌላው የሕፃን ዱቄት ጣሳ ይዘው ከበሩ ቆመዋል።

“እጅህን አንሳ።”

“እማዬ፣ ይሄ እኮ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው።”

“ዓይን አለኝ፣ ልጄ።” ከዚያ ወደ አክስት ላምዱዋን መጡ። “አንቺ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ውስጧ መንፈስ አለ ወይስ የለም?”

ዋንዲ ከሰዉ መሀል በጭንቅላቷ አዎ አዎ ትላለች። አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚበቃው፤ ከዚያ በኋላ ሻምበሉ በእናቱ ፊት ማሽኗን አይነካም፣ ዳሱም አይነሳም። አክስት ላምዱዋን ስንቱን ፈረንጅ ፊቷን ሳታጥፍ አሹፋበታለች። የእናቷ እኩያ ግን ዓይን ዓይኗን እያዩ ሲጠይቋት አፏ እንቢ አላት።

“የለም፣ እማማ። ፈረንጅ ሲያጎነብስ ለማየት ብዬ የፈጠርኩት ነው። ይቅር ይበሉኝ።”

ሻምበሉ ትንፋሹን ለቀቀ። እማማ ፕራኖም ግን ሴትዮዋ ነገሩ ያልገባት ይመስል በኀዘኔታ አዩአት።

“ማን ሠራው አላልኩሽም እኮ። ቤት ሠራሽ፣ ጨርቅ አለበስሽ፣ በየቀኑ ለስላሳ ቀረበ፣ የፈረንጅ አገር ሰው ሳይቀር ደጅ ጠና። ማደሪያ አጥቶ በዚህ ወንዝ ዳር የሚንከራተት ስንት አለ። እንዲህ ያለ ቤት ተከፍቶ እያየ ማን ውጭ ያድራል?”

አሮጊቷ ጉንጉኑን አስቀመጡ፣ ዱቄቱን ቀቡ፣ ሰሌዳውን አሹ፣ ያነበቡትን ለማንም ሳይናገሩ ልጃቸውን ክንዱን ይዘው ቆሙ።

ሻምበሉ አጥሩን አየ፣ ዛፉን አየ፣ እናቱን አየ። እጅጌውን ቀስ ብሎ ፈታ።

“አጥሩ የመሥሪያ ቤቱ ነው” አለ በመጨረሻ። “ጥላው ግን የማዘጋጃ ቤት ነው። ከአጥሩ አንድ ክንድ ፈቀቅ ትበል። ጥላ ላይ ያለ ነገር እኔን አይመለከተኝም።”

ማሽኗን ፈቀቅ ያደረጋት ያ ወገቤን አሞኛል ያለው ሠራተኛ ነው፤ ሳያቃስት። አክስት ላምዱዋንም ለሻምበሉ እጅ ነስታ፣ ያዘዙኝን ፈጽሜያለሁ፣ እውነቱን ተናግሬያለሁ፣ ምስክር አለኝ አለችው። ሊስቅ ሲል ኮፍያውን አጠለቀ። ከዚያ ወዲያ በማሽኗ አጠገብ ሲያልፍ አጎንብሶ አያውቅም። ኮሌታውን ግን ያስተካክላል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ክረምት አለፈ። የካምፖን ሱሪ በአንድ ወፍራም ጀርመን ላይ መቀመጫው ላይ ተተረተረ። አክስት ላምዱዋን አዲስ ጨርቅ ስትገዛ፣ መቼም ከቆረጥኩ አይቀር ብላ ለሄንክ ቁመት ቆረጠችው። ይሄ ሰውዬ አንድ ጊዜ እንኳ ቁርጭምጭሚቱ ተሸፍኖ ይግባ፣ ፖሊሶቹም ዓይናቸው ይረፍ አለች። የሄንክ ቀጠሮ ማክሰኞ ነበር። ሰኞ ጠዋት ዳሱ ሳይከፈት ሲቀር ዋንዲ ቤቷ ሄደች። ሐኪሙ ልብ ነው አለ፤ የሞተችው እንቅልፍ ላይ ሆና ነው።

ሱሪውን ቡንማ ልጨርሰው አለች፤ ሄንክ አልሰጣትም። ማክሰኞ በአንድ እግሩ ስፌት፣ በሌላው ስፒል ለብሶት ገባ። ዘበኛው ስፒሎቹን አየና በሩን ከፈተለት።

ከዚያ በፊት፣ በመጨረሻዋ እሁድ፣ አመሻሹ ላይ፣ አክስት ላምዱዋን ወደ ገበያ ወጥታ ነበር። ሰማያዊ ክርና አንድ ቀይ ለስላሳ ገዛች። በእሁድ ኢሚግሬሽን ዝግ ነው፤ ፈረንጅ የለም፣ ተሰላፊ የለም፣ የምታሞኘው ሰውም የለም። ያየቻት ከመጥበሻዋ ጀርባ ዕቃ የምታጥበው ዋንዲ ብቻ ናት። አክስት ላምዱዋን ጉንዳን የገባበትን የትናንቱን ጠርሙስ ከማሽኗ ፊት አነሳች። አዲሱን ከፈተች፣ አስቀመጠች፣ ገለባውን ሰካች። ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመለሰችና የገለባውን አፍ ወደ ማሽኗ አዞረችው። ከዚያ ላስቲኩን አውርዳ አሰረችና ወደ ቤቷ ሄደች።