ከነስማቸው የተላከ አቤቱታ

ያን ናይጄሪያዊ ወጣት ባስታወስኩ ቁጥር ራሴን እጸየፋለሁ።

የፓርቲዎቹ ግንባር አገሩን በሚገዛበት ዘመን፣ ሞባይል ገና ወደ ገጠሩ እየገባ ሳለ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የኮምፒዩተር መምህር ነበርኩ። ልጁ ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ፣ በብርዱ እየተንቀጠቀጠ ከሚኒባስ ወረደ። በአገሩ የራሱን የቴክኖሎጂ ድርጅት ያቋቋመ፣ ለድሃ በመሟገቱም ሁለት ጊዜ የታሰረ ሰው ነው። ያመጣልን ነገር ቀላል ነበር፦ ገበሬው በደሉን በአጭር መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ እኔ ዘንድ ባለው ኮምፒዩተር ይጠራቀማል፤ እኔ ደግሞ አቤቱታውን ብቻ ለወረዳው አስተላልፋለሁ። «ስም አይጻፍ፤ ማን እንደላከውም ለማንም እንዳትናገር» አለኝ ደጋግሞ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ለእኔ ከብዶኝ አያውቅም።

የእኛ ሰው ግን ስሙን ሳይጽፍ አይሆንለትም። አቤቱታ ከነአባት፣ ከነአያት፣ ከነአጥቢያው ነው። በአቅራቢያችን ካለችው ዘመሮ የመጡ አንዲት ባልቴት ስልካቸውን ሰጥተው ጻፍልኝ አሉኝ። ስብሰባ ቀርተዋል ተብለው የእርዳታ ስንዴ ተከልክለዋል። ስም አያስፈልግም ብላቸው ተቆጡ።

«ምን ሰርቄ ነው የምደበቀው? ስም የሌለውን ክስ ማን ያምነዋል? ጻፈው አንተ!»

ናይጄሪያዊው ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ስነግረው ሳቁ ጠፋ።

«እንግዲያው አንተ ደብቅላቸው» አለኝ።

ጻፍኩት፤ ከነአያታቸው።

እሱ በሄደ በሳምንቱ የወረዳው ሹም ልኳንዳ ቤት አስጠራኝ። ጮማውን እያላመጠ «እስቲ ዝርዝሩን አምጣው፤ ከነስሙ» አለኝ። አልተቆጣም፣ አልዛተም። ከሁሉ የሚያንገሸግሸኝ ይህ ነው፤ ቢያስፈራራኝ እንኳ ሰበብ ይኖረኝ ነበር። በማግሥቱ አትሜ እዚያው ወሰድኩለት። ስብ በነካው ጣቱ ስሞቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ሲያነብ በባልቴቷ ስም ላይ የቅባት አሻራ ቀረ። ከዚያ በዚያው ጣቱ አጎረሰኝ። በላሁ። ጣፈጠኝም! ዛሬ ሥጋ ቤት ደጃፍ ሳልፍ አፍንጫዬን ይዤ ነው።

ናይጄሪያዊው ከአገሩ ደውሎ ሰው መልስ ማግኘት አለማግኘቱን ጠየቀኝ። በጣም ጥሩ እየሄደ ነው አልኩት። በደስታ አመሰገነኝ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ። ቱ!

ክረምቱ ሲገባ፣ ገብሱ ገና ሳይደርስ፣ ባልቴቷ በጭቃ ተለውሰው መጡ። ከእርዳታው መዝገብ ጭርሱን ተሰርዘዋል። ሊጮሁብኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። እሳቸው ግን ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈተው ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ ስሜን አበላሽተኸው ይሆን እንዴ? መልስ ሳይመጣ ቀረ። እስቲ ደህና አድርገህ እንደገና ጻፍልኝ።»

ተቀብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያም አንድ ፊደል አልተሳሳትኩም ነበር፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።