ያለ ትኬት የሚያውቅ ሰው

በሃያ ሁለት ዓመቴ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ዛሬ ሃምሳን አልፌ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ሳስበው፣ ያን ያህል ማወቅ ዳግመኛ አልገጠመኝም። ያኔ ቤታችን አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። እኔ ግን ቅዳሜና እሁድ የምኖረው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። መዝሙር አወጣለሁ፣ ከበሮ እመታለሁ፣ ጥያቄ ያለው ሰው ከተገኘ ደግሞ ጥያቄውን ሳይጨርስ እመልስለታለሁ። እናቴ "አንቺ ቤተ ክርስቲያን የምትደርሺው ኋላ ነው፤ ምላስሽ ቀድሞሽ ገብቶ ይጠብቅሻል" ትለኝ ነበር።

መምህራችን አርባ ዓመት ግድም የሆናቸው፣ ቀጭንና ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። በዚያ ዓመት የሚያስተምሩን ዐቅበተ እምነት ነበር፤ ሃይማኖታችንን ለሚጠይቀን ሰው እንዴት መልስ እንደምንሰጥ። አንድ እሁድ ከሰዓት ጥቁር ሰሌዳው ላይ "የማያምን ሰው ያውቃል ወይ?" ብለው ጻፉና ወደ እኛ ዞሩ። እኔ እጄን ሳላወጣ "አያውቅም!" አልኩ።

"ያውቃል" አሉ። "ሁለትና ሁለት አራት መሆኑን ያውቃል። ገብስ ዘርቶ ገብስ እንደሚያጭድ ያውቃል። ግን ያለ ትኬት የተሳፈረ መንገደኛ ነው። ባቡሩ እንደማንኛችንም ያደርሰዋል። ተቆጣጣሪው መጥቶ 'በምን ተሳፈርክ?' ሲለው ነው የሚያሳየው የሚያጣው። ዓለም ሥርዓት እንዳላት፣ ነገም እንደ ዛሬ እንደሚሆን ተማምኖ ይኖራል፤ ሥርዓቱን የሠራውን ግን አልቀበልም ይላል።"

አቃቂ ውስጥ አንድ ቀን ያለ ትኬት ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ማግኘት ከባድ ስለነበር ምሳሌው ለሁላችንም ገባን። ለእኔ የገባኝ ግን ግማሹ ነው። "ያውቃል" ያሉትን እዚያው ትቼ፣ "ትኬት የለውም" ያሉትን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ቤታችን ውስጥ አንድ የማያምን ሰው ነበረ፤ እሱም አባቴ ነው።

የአባቴ ሥራ መስማት ነበር። የባቡር ጎማ ብረት ነው። ባቡር ሲቆም እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ ይዞ ይወርድና ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይመታል። ጤነኛው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ድምፁ ቶሎ ይሞታል። ከዚያ አባቴ ከሁለት ቃል አንዱን ይናገራል፤ "ይሄዳል" ወይም "አይሄድም"። ይህን አመሉን ይዞት ቤት ይመጣል። ገበያ ሄዶ እንስራ ሲገዛ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ የሻጯን ዕቃ ሁሉ ይፈትናል፤ እናቴ እፍረቷን መደበቂያ ታጣለች። እኔን ሊጠይቁ ሽማግሌ የላኩ ሰዎች ልጃቸውን ይዘው መጥተው ሲመለሱ፣ በሩን እየዘጋ "ይሄም አይሄድም" ብሏል።

እምነትን ግን አንድም ቀን ሲያፌዝበት አልሰማሁም። እናቴን በየእሁዱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይሸኛታል፤ ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቅዳሴው እስኪያልቅ ይጠብቃታል፤ አብሯት ይመለሳል። ጾሙንም እሷ የሠራችውን ስለሚበላ ሁሉንም ጾሟል ማለት ይቻላል። ለምን እንደማይገባ ስጠይቀው መልሱ አንድ ነበር።

"አላውቅማ! የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አልሳለምም።"

ያን ዕለት ራት ላይ የትኬቱን ነገር ወረወርኩበት። "የማያምን ሰው ያለ ትኬት የተሳፈረ ነው፤ እውቀቱ እውቀት አይባልለትም" አልኩት። ጉርሻውን አላምጦ እስኪውጥ ጠበቅኩ።

"እኔ መቼ ትኬት ቆርጬ አውቃለሁ?" አለ። "የባቡር ሠራተኛ ነኝ እኮ።"

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። እኔ ግን ነደደኝ። በሳምንቱ መምህሩን ቤት ጋበዝኳቸው፤ አባቴን ተከራክረው ይርቱልኛል ብዬ ነው።

መምህሩ መጡ፣ ሻይ ቀረበላቸው፤ እኔ ጥጉ ላይ ተቀምጬ ድሌን እጠብቃለሁ። ስለ ጣቢያው፣ ስለ አቃቂ ወንዝ መሙላት ብዙ ተጨዋወቱ። በመጨረሻ መምህሩ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መዶሻ አዩና "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?" አሉ። "ጤነኛ ብረት ትናንት ጮኸ። ነገም ጤነኛው እንዲሁ እንደሚጮኽ በምን ያውቃሉ?"

አባቴ አገጩን እያሸ አሰበ። "አላውቅም መምህር። ለዚህ እኮ ነው በየቀኑ የምመታው።"

አሸነፍን ብዬ መምህሩን አየኋቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ሻያቸውን ጨረሱ። ስሸኛቸው በሩ ላይ "አባትሽ የማያውቁትን አወቅሁ የማይሉ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ብዙ አላየሁም" አሉኝ። ቤት ገብቶ የጠጣ እንግዳ መቼም እንዲህ ማለቱ አይቀርም ብዬ አለፍኩት።

ታኅሣሥ ደረሰና ለቁልቢ ንግሥ መንገድ ተነሣን። ለአቃቂና ለሳሪስ ምዕመናን አንድ ተጨማሪ ፉርጎ ተመድቦልናል፤ እኛ ጣቢያ ቆሞ ይጠብቅና ከለገሀር የሚመጣው ባቡር ከኋላው ቀጥሎት ይሄዳል። አርባ የምንሆን ሰዎች ከማለዳው ጀምሮ ተሳፍረናል። እናቴ በላስቲክ የተጠቀለለ ጃንጥላ እንደ ሕፃን ታቅፋለች። ጨቅላ ሆኜ ሞተች ተብዬ ስድን ለመልአኩ የተሳለችው ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አልሞላ እያላት ቆይቶ በዚያ ዓመት ተሳካላት። እኔ ከበሮዬን አንገቴ ላይ አድርጌ መዝሙር አወጣለሁ።

አባቴ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ገደማ ቀርቶታል። መዶሻውን ይዞ መጣና በእኛ ፉርጎ ዙሪያ መምታት ጀመረ። አራተኛው ጎማ ላይ ደረሰ፤ መታ፤ ደገመ፤ ጎንበስ ብሎ ሠለሰ። ከዚያ ወደ ጣቢያው ሹም ዞሮ "አይሄድም" አለ።

"ተመርምሯል ተብሎ ነው የመጣልን" አለ ሹሙ። "ይህን ፉርጎ ካስቀረነው ሌላው ሞልቷል። ሕዝቡ ሊቀር ነው።"

"ይቅር።"

"አስበህበታል? ጎማው ጤነኛ ቢሆን የምትጠየቀው አንተ ነህ። ሃይማኖት የለውም፣ ሆን ብሎ ሕዝብ ከበዓል አስቀረ ይሉሃል። በዚህ ዕድሜህ አቃቂ ውስጥ እንዴት ትኖራለህ?"

አባቴ "አይሄድም አልኩ" አለ።

ወሬው ፉርጎው ውስጥ ገባ። እኛ ዘንድ ደግሞ ለንግሥ የወጣ ሰው እንቅፋት ሲመታው አይመለስም፤ እንዲያውም ይበረታል። መኪና ቢበላሽ፣ ዝናብ ቢወርድ፣ ራስ ቢያም ሁሉም ፈተና ነው። "ፈተና ነው! እንዳትወርዱ!" አለ አንዱ። "ፈተና ነው!" አለ ሌላው። አንዲት ሴት በመስኮት አንገቷን አውጥታ "እሱ ድሮስ መች ያምናል!" ስትል ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ልጁ ነኛ።

ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ እንኳ ይቅር ይባልልኝ ነበር። ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩና አባቴን ከላይ ወደ ታች እያየሁ፣ ለሁሉም እንዲሰማ "አባዬ፣ የማያምን ሰው አያውቅም!" አልኩት። ከዚያም ከበሮዬን መታሁ። አርባ ሰው ተቀበለኝ። አባቴ ጎማውን እንደገና ሊያዳምጥ መዶሻውን አነሣ፣ መታ፤ ከእኔ ከበሮ የተነሣ ምንም ሊሰማ አልቻለም። መዶሻውን ዝቅ አድርጎ እኔን አየኝ። የዚያን ጊዜ ዓይኑን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

መምህሩ እጃቸውን አነሡና መዝሙሩ ቆመ። ጠጠሩ ላይ ወረዱ። "ጋሼ፣ እስቲ ለእኔም ይምቱልኝ" አሉ።

አባቴ ሦስተኛውን መታ። "ይሄ ጤነኛው ነው።" አራተኛውን መታ። "ይሄ ደግሞ በሽተኛው።"

መምህሩ ተንበርክከው ጆሯቸውን አቀረቡ። ሦስት ጊዜ አስደገሙት። በመጨረሻ ቀና ብለው "ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ልዩነት አልሰማሁም" አሉ። ፉርጎው በእልልታ ተናጋ፤ እውነት ለመናገር እኔም እልል ብያለሁ።

መምህሩ የጉልበታቸውን አቧራ አራገፉ፣ ተመልሰው ወጡ፣ ከመቀመጫቸው ሥር ሻንጣቸውን ሳቡና ወደ በሩ ሄዱ።

"መምህር!" አልኩ።

"እኔ አልሰማሁም። እሳቸው ግን ሰምተዋል" አሉ። "ትኬቱን በኋላ እንጠይቃቸዋለን፤ አሁን ውረዱ።"

ሁለተኛ የወረደችው እናቴ ናት። ጃንጥላዋን እንዳቀፈች በአጠገቤ ስታልፍ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ፤ አይሄድም ያለው ሲሄድ አላየሁም" አለች ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ። ሌሎቹ እያጉረመረሙ አንድ በአንድ ተከተሉ። አንዲት አሮጊት እንባቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወረዱ። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ባቡሩ መጣ፣ እኛን ትቶ ሄደ።

ሰው እየተበተነ ስንቁን ተሸክሞ ሲመለስ እኔ ጣቢያው ቀረሁ፤ እናቴ ፊት የምቆምበት ወኔ አልነበረኝም። አባቴ ማንንም አልጠራም። በቆርቆሮ ላምባ አመጣና አራተኛውን ጎማ በጨርቅ አጠበው፤ እስኪደርቅ ወለወለው፤ የጠመኔ ዱቄት ቀባው። ጥቂት ቆይቶ በመዶሻው መታ። ነጩ ጠመኔ ላይ ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ላምባ ወጣ፤ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ከጠርዙ ተነሥታ ወደ መሐል ሄደች። አንድ ስንዝር ተኩል ትሆናለች።

አባቴ ሐዲዱ ላይ ቁጭ አለ። የግንባሩን ላብ በእጅጌው ጠረገ።

"አባዬ፣ እርግጠኛ አልነበርክም እንዴ?"

"ነበርኩ እንጂ። እናንተ ባትወርዱስ ምን አደርግ ነበር ብዬ ነው።"

ጉልበቱ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። "ተነሽ፣ ልብሴ ግራሶ ነው፣ ነጠላሽን ታበላሺዋለሽ" አለኝ። ስለተናገርኩት ነገር ከዚያ ቀን እስከ ሞተበት ቀን አንድ ቃል አላነሣም። መዶሻውን እያገላበጠ "መምህርሽ ግን ሰው ነው" አለ። "ምንም ሳይሰማ ወረደ። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ካልሰማሁ አልወርድም ነበር። ይህን እኔ አልችለውም።"

ሮጬ መምህሩን ጠራኋቸው፤ መንገድ ላይ የደረስኩበትንም ሰው ሁሉ እየጮኽኩ መለስኩ። መጥተው መስመሯን አዩ፤ ሴቶቹ አማተቡ። በቀጣዩ እሁድ መምህሩ ክፍል ገብተው እንዲህ አሉን፤ "ያስተማርኳችሁን አልሻርኩም። እውቀት ሁሉ ምንጩ አንድ ነው፤ የማያምንም ሰው የሚጠጣው ከዚያው ነው። ያልነገርኳችሁ ግን አለ። እውነቱን ለሚነግራችሁ ሰው መጀመሪያ ትኬት አሳየኝ አትበሉት።" እኔ አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩት።

አባቴ ከዚያ በኋላም ቤተ ክርስቲያን አልገባም። በሩ ላይ ድንጋዩ ላይ እየተቀመጠ እናቴን ሲጠብቅ ኖረ። እኔ እውቀት ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ የአባቴ ጆሮም ከዚያው እንደመጣ አልጠራጠርም። እሱ ይህን ብነግረው "አላውቅም" ይለኝ እንደነበር ደግሞ አውቃለሁ፤ በዚህም እወደዋለሁ።

በዓመቱ ታኅሣሥ ላይ እንደገና አቃቂ ጣቢያ ተሰበሰብን። ፉርጎው ቆሟል፣ በሩ ተከፍቷል፤ የተሳፈረ ሰው ግን አንድም የለም። አምና "ፈተና ነው" ያሉት ሁሉ ዕቃቸውን ይዘው ጠጠሩ ዳር ቆመዋል፤ መምህሩ ከነሻንጣቸው፣ እናቴ ከነጃንጥላዋ። እየዘመርን ሳለን አባቴ መዶሻውን ይዞ ከማዶ ብቅ አለ። ለጡረታው ሳምንታት ቀርተውታል።

ማንም ሳይነግረኝ ከበሮውን በመዳፌ ያዝኩት። መዝሙሩ መሐል ላይ ተቋረጠ። አርባ ሰው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አባቴ እስኪሰማ ጠበቀ። አንደኛውን መታ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ከዚያ መታ።

"ይሄዳል" አለ።