የጎማ ትልም

በእኛ አገር ሞት በቀጥታ አይነገርም። አባቱ የሞተበት ሰው «አባትህን ትንሽ አሞታል፤ ብቅ በል» ይባላል፤ ደጃፉ ሲደርስ ለቅሶው ራሱ ይነግረዋል። ደግነት ነው ይላሉ። እኔ ግን ይህን ደግነት ዕድሜዬን ሙሉ ስጠላው ኖሬአለሁ። ሰውን መንገድ ለመንገድ ሲያሰቃዩት ውለው በመጨረሻ በሩ ላይ የሚያርዱት ይመስለኛል።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ አምደወርቅ ውስጥ የግብርና ሠራተኛ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ ገጠር ለገጠር የምዞርበት ማውንቴን ብስክሌት ሰጥቶኝ ነበር፤ ጎማዋ ወፍራም፣ ጥርሷ የጎረበጠ፣ ቀይ። አባቴ መጀመሪያ ያያት ጊዜ ዞር ዞር እያለ መረመራትና፣ መንግሥት ጭድ የማትበላ አህያ ማደሉ መልካም ነው፣ ግን ዳገት ላይ ባለቤቷ እንደሚሸከማት ከወዲሁ ይነገረው አለ። አባቴ እንዲህ ነበር። አፉ እሾህ ነው። ሰው አመስግኖ አያውቅም፤ ሲመሰገንም ምራቁን ጢቅ ብሎ ጥሎ ይሄዳል።

የመስከረም ማርያም ዕለት ጠዋት አንድ የሰቆጣ ጨርቅ ነጋዴ በጭነት መኪና አምደወርቅ ገባ። መኪናው በእኛ መንደር በኩል ሲያልፍ አጎቴ አስቁሞት ኖሯል። ሰውየው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ አባትህን ትንሽ አሞታል፣ አጎትህ ዛሬውኑ ይምጣ ብሏል አለኝና፣ አላህ ያጽናህ ሊል ጀምሮ ያሽርልህ ብሎ ጨረሰው። አከራዬ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ጎትታ፣ ብቻህን አትሂድ፣ ሰው ልጥራልህ ማለት ጀመረች። ለታመመ ሰው ጠያቂ አጃቢ አይሰጠውም። በቃ፣ ገባኝ። አባቴ ሞቷል።

መኪናው ጉዞው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር፤ በበዓል ቀን ሌላ መኪና አይጠበቅም። ሬሳ በእኛ ዘንድ አያድርም። ካህናቱ ከቅዳሴ ሲወጡ ይፈቱታል፣ ከሰዓት በኋላ ይቀበራል። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፈር ሳይመለስበት ፊቱን ማየት። የመኪናው መንገድ ተራራውን ዞሮ ነው የሚሄደው፤ የእግረኛው መንገድ ግን በሸለቆው ውስጥ ይቆርጣል። ብስክሌቴን አወጣሁ።

ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፣ ማሽላው ራሱን አውጥቷል፣ ጤፉ ዘንበል ብሏል። እንዲያ ያለ ጠዋት ላይ አባቱ የሞተበት ሰው ሰማዩን ይሰድባል። እኔም ሰደብኩት። ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልይዝ ለቀቅኋት፤ ድንጋይ ከጎማዬ ሥር እየተፈናጠረ ገደል ይገባል፣ ጥርሴ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ የግራር እሾህ እጄን ይጨረግደዋል። አንድ መታጠፊያ ላይ የኋላው ጎማ ከዳኝ። በጎኔ ተንሸራትቼ ቁልቋል ላይ ተሰካሁ፤ ብስክሌቷ ደግሞ እላዬ ላይ። ካቴናዋ ወልቆ ነበር። በደም በተነከረ እጅ ካቴና መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የለቀምኩት የገዛ የመዳፌን ቆዳ ነው።

ሸለቆው ውስጥ ስገባ ፀሐይዋ ጠፋች። ንፋሱ ከእኛው ከዋግ ዝቋላ በኩል ትኩስ ሆኖ መጣ፣ ወዲያው ቀዘቀዘ። ትንሽ ካፊያ ጣለና ቆመ፤ ደግሞ ፀሐይ ወጣች፤ ደግሞ ደመናው ጥቁር ሆኖ ከተራራው ጫፍ ላይ ተንከባለለ። ሌሊት የዘነበው ዝናብ የእግር መንገዱን ጅረት አድርጎት ስለነበር፣ በአንድ የጤፍ ማሳ ዳር ባለው ለስላሳ መሬት ላይ ነዳሁ። ጎማው እየሰመጠ መሬቱን ሰንጥቆ ሄደ። ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ነጫጭ የለበሱ ሰዎች ቆመው ጮኹብኝ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ብሰማም አልቆምም ነበር።

ከዚያ በረዶው መጣ። በረዶ ብዙ አይቻለሁ፤ ይህ ግን ጠጠር አልነበረም፣ ድንጋይ ነበር። መጀመሪያ አንዱ የብስክሌቷን ብረት መታው፤ ጩኸቱን ሰማሁ። ሁለተኛው እጄን። ከዚያ በኋላ መቁጠር የለም። ብስክሌቷን ጥዬ ከአለት ሥር ተወሸቅሁ፤ ጭንቅላቴን በክንዶቼ ሸፈንኩ፣ ክንዶቼ ደነዘዙ። መብረቁ ከሸለቆው ወዲያና ወዲህ እየተማታ ተራራው የሚፈርስ አስመሰለው። ከፊት ለፊቴ የነበሩ በጎች አንገታቸውን እርስ በርስ ሥር ለመክተት ሲታገሉ አንዲት ግልገል ተመታች፣ ተዘረጋች፣ አልተነሳችም።

ሲያቆም በአንድ ጊዜ ነው ያቆመው። ፀሐይ ወጣች፤ ሜዳው ነጭ ሆኖ አበራ። ጤፉ የለም። ማሽላው ወገቡ ተሰብሮ ተኝቷል። ቅጠል የሚባል ነገር ዛፍ ላይ አልቀረም። እውነቱን ልናገርና፣ ለዚያ ማሳ ያኔ ቅንጣት አላዘንኩም። ያስጨነቀኝ ከፊቴ ያለው ወንዝ ነበር፤ ቀይ ጎርፍ ግንድ እያላጋ ይወርዳል፣ የሚሻገሩት አይደለም። ወንዙ ዳር ቆሜ ድንጋይ እያነሳሁ ጎርፉን ወገርኩት። እብድ ነበርኩ። አባቴን ያንጊዜ ሲያጥቡት፣ ሲገንዙት ይታየኛል።

ሰዎቹ ዱላ ይዘው የደረሱብኝ እንደዚያ ሆኜ ነው። የጎማዬን ዱካ ተከትለው ነበር የመጡት። በፊት የሚሄዱት ሽማግሌ ከበረዶው ሥር የተረፈውን የጎማ መስመር አግኝተው ጎንበስ አሉ፤ ጣታቸውን ውስጡ ከተቱ፣ እስከ አንጓቸው ገባ። ለጎልማሶቹ በኽምጣንጛ እየተናገሩ አሳዩአቸው፤ ቋንቋው የእኔም የአፍ መፍቻ ነውና ሁሉንም ሰማሁ።

«ይኸ ትልም ነው» አሉ። «በማርያም ቀን መሬት አርሷል።»

ላላደገበት ሰው ይህ ቀልድ ይመስላል። በበዓል ቀን እርሻ የነካ ሰው በረዶ ያመጣል፤ ሕጉ ያ ነው፣ መንደር በሙሉ ይጠብቀዋል። ብስክሌት ማረሻ አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። ሥራ ከሆነ መሄድም ሥራ ነው አልኩ። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻዬ ላይ ያረፈው ይህን ስል ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እነሱ ወደ ሰማይ የሚወረውሩት ዱላ አልነበራቸውም፣ እኔ ደግሞ ቅርብ ነበርኩ። አንዱ ብስክሌቷን ገልብጦ ቸርኬዋን በድንጋይ መጠፍጠፍ ጀመረ። ሌላው በርግጫ አጋደመኝ። ጭቃ ዋጥኩ፣ የራሴን ደም ዋጥኩ። አባቴን አሞታል፣ ልቀቁኝ እያልኩ ስጮህ፣ ሽማግሌው የታመመ ሰው ነገም ይጠየቃል፣ ለዚህ ብለህ የልጆቻችንን ጉሮሮ ዘጋህ አሉኝ። የዓመት ቀለባቸው ከኋላቸው ነጭ ሆኖ ተኝቷል።

ሊያስጥለኝ የሚችል አንድ ቃል እንዳለ አውቅ ነበር። ለሞተ ሰው በዓል አይከለክልም፤ መቃብር እንኳ ይቆፈራል። ግን ቃሉን ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም። ማንም አልነገረኝም እኮ። እኔ ካልኩት እኔ የገደልኩት መሰለኝ። ዱላው ከጆሮዬ በላይ አርፎ ዓይኔ ሲጨልም፣ ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው ጎልማሶቹን አስቆሙና ጠየቁኝ።

«ሰው ሞቶብህ ነው?»

«አባቴ ሞቷል» አልኩ።

ዱላዎቹ ሁሉ ወረዱ። ከዚያ የሆነውን ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል፣ ደግሞም ሆዴን ያባባዋል። የረገጠኝ ሰውዬ አነሳኝ። ቸርኬዬን የሰበረው ብስክሌቷን ትከሻው ላይ አደረገ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ከመካከላቸው አስገቡኝና፣ ጎርፉ ትንሽ ጎደል ሲል ደረታችን ድረስ እየመታን ተሻገርን። ወዲያ ማዶ ስንደርስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ለቀብርተኛ መንገድ መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ከመቱት ሰው ጋር ማልቀስም የእነሱ ዕዳ ሆነ።

ዳገቱን ስንወጣ ቃሉ አንዴ ከአፌ ወጥቷልና የሚያስቆመኝ ጠፋ። ደረቴን እየደቃሁ አለቀስኩ። በሕይወቱ ሳለ አንድ ቀን ያላልኩትን ሁሉ አልኩ። አባቴ ንብ ያረባ ነበር፤ ማር ሲቆርጥ ጭስ አይዝም፣ እጁን አይሸፍንም። ንብ የማይነድፈው አባቴ፣ እጁን ቀፎ ከቶ እንደ ልጅ ፀጉር የሚዳብሳቸው አባቴ፣ አውሬ የሚያፍረው አባቴ እያልኩ ጮህኩ። ሰዎቹም ከኋላ እየተቀበሉ፣ ወይኔ ንብ የማይነድፈው ይላሉ። ተራራው መልሶ ይጮኻል።

ደጃችን ስንደርስ እናቴ እየሮጠች ወጣች። ራሷን በሁለት እጇ እየመታች፣ የትኛው ልጄ ነው፣ የትኛው ነው ትላለች። እኔን ስታይ ደነገጠች፤ ከእኔ አልፋ ከኋላዬ ቃሬዛ ፈለገች። ግቢው ውስጥ ድንኳን የለም፣ ሰው የለም፣ ዶሮ ብቻ ይጭራል። ያኔ ከቤት ውስጥ የደከመ ድምፅ መጣ።

«ማን ነው የሞተው?»

አባቴ ነበር።

ለቅሶው አንገቱ እንደተቆረጠ ጸጥ አለ። አጎቴ እውነቱን ብቻ ነበር የላከው፤ አባቴን በእርግጥ አሞት ነበር፣ በጣም አሞት ነበር። በአገራችን እውነት የላከ ሰው አይታመንም። ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት፤ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። በእመቤታችን ቀን አርሶ፣ አባቱን በቁሙ ገድሎ፣ እኛን አስለቀሰን አሉ። ጎልማሶቹ ከበቡኝ። እናቴ በመካከል ገብታ አንዱን በጥርሷ ነከሰችው፤ ገፍትሮ ጣላት። እኔም ድንጋይ አነሳሁ። ያን ሰዓት ሰው ለመግደል ዝግጁ ነበርኩ።

አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ። ከጋቢው ሥር ሰውነት የሚባል አልቀረውም። የፈነከቱኝን ጭንቅላቴን አየ፣ ዱላውን አየ፣ ማን መታው ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ከጎማው ትልም እስከ ጎርፉ ድረስ ያለውን ነገሩት። ዝም ብሎ ሰማቸው። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፤ ጭቃው ላይ አነጠፈው፤ ቀስ ብሎ ጉልበቱን አጠፈና በጀርባው ተጋደመ። እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመረ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ልጄ አልዋሸም» አለ፤ «ቀኑን ነው የቀደመው። እንኳን ደርሳችሁልኝ፤ ቅበሩኝና እሱን ልቀቁልኝ።»

አባቴ በእርጥቡ ጭቃ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ ጠበቃቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን ጥለው ተንበረከኩና ይነሡ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ ይነሡ ብለው ለመኑት። እሱ ግን እምቢ አለ፤ መጀመሪያ ከልጄ ላይ ይራቁ አለ። ሲርቁ ብቻ አራት ሆነው አንስተው አስገቡት። ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ወደተመታው ማሳቸው ተመለሱ። ያን ዓመት እነዚያ ሰዎች ምን እንደበሉ አውቃለሁ፤ እርዳታ ስንዴ ለመቀበል ሰቆጣ ድረስ ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። ቢሆንም አልማርኳቸውም። ትከሻዬ በብርድ ቀን ዛሬም ያስታውሰኛል።

እናቴ ቁስሌን ስታጥብልኝ አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ ይመለከተኝ ነበር። ከመንገድ የመጣውን ለቅሶ ከሩቅ ጀምሮ ሰምቶታል። የንቦቹን ነገር እስቲ ድገመው አለኝ። ለሞተ የሚባለውን በሕይወት ላለ ሰው ፊት ለፊት መናገር ከዱላው ይከብዳል፤ አንገቴን ደፍቼ፣ እየተንተባተብኩ፣ ንብ የማይነድፈው አባቴ አልኩ።

«ይነድፉኝ ነበር» አለ። «ዝም ብዬ ነው።»

እጁን አነሳሁና ዳበስኩት፤ ጣቶቹ ያበጡና የደነደኑ ነበሩ። ምራቁን አልተፋም፣ እጁንም አልነጠቀኝም። በኅዳር ወር ሞተ። ያንጊዜ ማንም ከደጄ ሳይጠራኝ አጠገቡ ነበርኩ፤ ንብ የሚነድፈው፣ ዝም የሚለው አባቴ ብዬ አለቀስኩለት።