የእህቴ ፈትል

በሸማኔው ቤት አራት ሰዎች ነበርን። ሸማኔው እግሮቹን ከመሸመኛው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ተቀምጧል። ሚስቱ መስኮቱ ሥር ቆማ ክር ታጠነጥናለች። ታላቅ እህቴ ከሸማኔው አጠገብ በርጩማ ላይ ናት። እኔ በሩ ላይ ቆሜአለሁ፤ ገብቼ መቀመጥ አልፈለግሁም።

ቤቱ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ከየካ አባዶ በሁለት ታክሲ መጥተን የመጨረሻውን ዳገት በእግር ወጣነው። እህቴ ሦስት ጊዜ ቆማ ዐረፈች። ጋቢው ከመቆረጡ በፊት ካልዳሰስኩት ብላ ነው የመጣችው።

ጋቢው የልጅ ልጇ ስትዳር የምትሰጣት ነው። ማጉን፣ መወርወሪያው ውስጥ የሚገባውን ክር፣ ሁለት ክረምት ሙሉ በእንዝርት ፈትላዋለች። ዐይኗ ስለደከመ የምትፈትለው በጣቷ እየለካች ነበር። ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፍሯል፣ አንዳንድ ቦታ ሳስቷል። ለሸማኔው የወሰድኩለት እኔ ነኝ። አገላብጦ አየውና፣ «ይበጣጠሳል፤ ግን ግድ የለም፣ ቀስ ብዬ እሠራዋለሁ» አለኝ። እኔ ግን የሙሽራዋ አማቾች ጋቢውን ዘርግተው ሲተያዩ ታየኝ። ሲግናል ሰፈር ካለ ሱቅ የፋብሪካ ክር ገዝቼ ሰጠሁት፤ የእህቴን ወደ ቤት መልሼ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከብርድ ልብስ ጀርባ ደበቅሁት። ለእሷ ብዬ ያደረግሁት መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ሸማኔው ያን ዕለት፣ «ለእማማ ይንገሯቸው እንጂ» ብሎኝ ነበር። እነግራታለሁ አልኩት። ሳልነግራት ወር አለፈ።

«እስካሁን ከዚህ ጉድጓድ አልወጣህም?» አለችው እህቴ።

«እኔማ እወጣ ነበር፣ እማማ፤ እሱ ነው የማይለቀኝ።»

ሳቀች። እጇን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። በሁለት ጣቶቿ አሸት አድርጋ ተወችውና ሌላ ቦታ ያዘች። ከዚያም ጎንበስ ብላ ጉንጯን አስነካችው።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች።

ፊቷን ወደ ሸማኔው መለሰች።

«አንተ፣ የኔን ክር ምን አደረግኸው?»

ሸማኔው መወርወሪያውን እንደያዘ ቀና ብሎ እኔን አየ። ሚስቱም ማጠንጠኗን አቁማ አየችኝ። ጊዜ ሰጡኝ። እዚያው በሩ ላይ ሆኜ አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ያበቃ ነበር። መሬት መሬቱን አየሁ።

«እማማ» አለ ሸማኔው በመጨረሻ፣ «ከሌላ ሰው ክር ጋር ተቀያይሮብኝ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«እሱ እኮ...» ብላ ጀመረች ሚስቱ።

«ተይ» አላት።

እህቴ እጇን ከጨርቁ አነሣች። «እናታችን ክሩን በሚዛን ሰጥታ ጋቢውን በሚዛን ትቀበል ነበር። ሰው አታምንም ብዬ እታዘባት ነበር። አሁን የኔ ሁለት ክረምት የማን ትከሻ ላይ ይሆን?»

እህቴ ወደ በሩ ዞረች።

«አንቺስ ምነው ዝም አልሽ? አምነሽ የሰጠሽው አንቺ ነሽ።»

«ይመሽብናል፣ እትዬ። እንሂድ» አልኳት።

ክንዷን ይዤ አስነሣኋት። ሸማኔው ከጉድጓዱ ወጥቶ እግሩን አራገፈና እስከ አጥሩ በር ሸኘን። እኔ ቀድሜ ወጣሁ።