የማታሸት ወጥ ሠሪ

ጅቡቲ ስመጣ ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ይዤ ነው የመጣሁት። አዎ፣ ጅቡቲ። ሰው ሽርጥና ነጠላ ጫማ ይዞ በሚገባበት አገር፣ እኔ፣ የውብዳር፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ታቅፌ ከአውቶቡስ ወረድኩ። እናቴ «ነፋስ እንዳይመታሽ» ብላ ስትሸኘኝ የትኛው ነፋስ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ካርቲየ 3 የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ማዳም ኻሊዳ ቤት፣ ወጥ ሠሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ማዳም ድሬዳዋ ስላደጉ በአማርኛ ነው የሚቆጡኝ። ማደሪያዬ ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለች ትንሽ ክፍል ነበረች። ከመስኮቷ በላይ የሳሎኑ ክሊም፣ ማለትም አየር ማቀዝቀዣው፣ ቀን ከሌት ውሃ ያንጠባጥባል። መስኮት ባየሁ ቁጥር ነፋስ የሚታየኝ ሰው ነኝና በመጀመሪያው ቀን ብርድ ልብሱን ጠቅጥቄ ደፈንኳት። ውጪው አርባ ዲግሪ ነበር። ራሴን በሻርፕ ጠምጥሜ እያላበኝ ተኛሁ። ነፋስ ግን አልመታኝም።

በሦስተኛው ዓመት፣ በ2002 ዓ.ም.፣ አፍንጫዬ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ግንባሬ ይከብደኛል፣ ጉንጬን ከውስጥ የሚገፋኝ ነገር አለ፣ ማሽተት ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። ሐኪሙ ሳይነስ ነው ብሎ ክኒን ሰጠኝ፤ ክኒኑ አለቀ፣ እኔ እንደተዘጋሁ ቀረሁ። ወጥ ሠሪ ሆኖ ሽንኩርት ሲያር ሽታውን አለመስማት ምን እንደሚመስል ለማንም አልተናገርኩም። ዘበኛችንን ባንቴን ግን አፍንጫ አድርጌ ቀጠርኩት። ሥጋውን፣ ቅቤውን፣ ዓሣውን በር ድረስ ወስጄ «እስቲ አሽትልኝ» እለዋለሁ፤ አሽትቶ ይፈርዳል፤ እኔም በጓዳዬ ባለሙያ እባላለሁ።

ዘዴዬ አንድ ጉድለት ነበረበት። ጅቡቲ ውስጥ እኩለ ቀን አልፎ ጫት ከተማ ሲገባ ሁሉ ነገር ይቆማል፤ ባንቴም ይቆማል። አንድ ቀን ዓሣው የመጣው ከሰዓት በኋላ ነበር። ባንቴ ጉንጩን ሞልቶ ዓሣውን ወደ አፍንጫው አስጠጋና ዓይኑን ጨፈነ።

«ወላሂ የውብዬ፣ ሽቶ ነው» አለኝ።

ሽቶውን ሠርቼ አቀረብኩ። የማዳም እንግዶች አንድ አንድ ጊዜ ጎርሰው እርስ በርስ ተያዩ። ማታ ማዳም ጠርተው ሲያፋጥጡኝ የአፍንጫዬን ነገር ተናዘዝኩ።

«ረመዳን ሲገባ ዘመድ ሁሉ እዚህ ነው የሚያፈጥረው። እስከዚያ አፍንጫሽ ካልተከፈተ ሌላ ወጥ ሠሪ እፈልጋለሁ» አሉኝ።

ፈራሁ፣ ከልቤ ፈራሁ። ውበት አልተሰጠኝም፣ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሰው ስሜን የሚጠራው እጄ ላይ ባለው ሙያ ብቻ ነው፤ እሱ ከቀረ ማን ልባል?

አርብ ዕለት ለጓደኛዬ ለትርሲት አለቀስኩላት። ትርሲት የምትሠራው አንዲት ፈረንሳዊት ቤት ሲሆን፣ ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ስትተነፍስ እያየች ሁሉንም ተምራለች። አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ በአውራ ጣት መድፈን፣ በሌላው ቀስ ብሎ መሳብ፣ እስከ አራት መቁጠር፣ ከዚያ በተደፈነው በኩል መልቀቅ። በመጨረሻም አፍን ገጥሞ «እምምም» እያሉ የፊትን አጥንት ማንዘር።

«ግን መስኮት ከፍተሽ ነው» አለችኝ።

ትርሲት ፈረንጅ ቤት ኖራ ፈረንጅ ሆናለች ብዬ መስኮቱን አልነካሁም። ማታ ክፍሌን ዘግቼ ጀመርኩ። አልሳብ ያለኝን ስስብ ያፏጫል፣ እስከ አራት ስቆጥር ሁለት ላይ አስነጥሳለሁ፤ «እምምም» ላይ ግን ጎበዝ ሆንኩ። በጣም ጎበዝ ሆንኩ መሰለኝ፣ በሁለተኛው ማታ ማዳም ቁርኣን እየቀሩ በሩ ላይ ቆሙ።

«የውብዳር! ማነው ከአንቺ ጋር ያለው?»

«ማንም የለም ማዳም፤ እየተነፈስኩ ነው።»

«ሰው እንዲህ አይተነፍስም! ጂን እንዳታመጪብን፣ ከነምንሽ ሰገነት ላይ ውጪ!»

እንደዚያ ነው ከነፍራሼ ሰገነት የወጣሁት። በሙቀቱ ወራት ግማሹ ሰፈር ሰገነት ላይ ነው የሚያድረው፤ የኔን «እምምም» የሰሙ የጎረቤት ልጆች ከየጣራቸው እየተቀበሉ ያንዘሩታል። አፈርኩ፣ ግን አላቆምኩም፤ ጠዋትና ማታ ጣቴን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። በሰባተኛው ቀን ግንባሬ ቀለለኝ። በአሥራ አንደኛው ንጋት የግራው ቀዳዳ ጠቅ ብሎ ተከፈተ፤ ባሕሩ ሸተተኝ፣ ከታች ከጎረቤት የሚጠበስ ሽንኩርት ሸተተኝ። ትንፋሹ ይሁን ሰገነቱ ያዳነኝ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ሽንኩርቱን እያሸተትኩ ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሻርፔን ላነሳ ወደ ክፍሌ ወርጄ በሩን ስከፍት ወደ ኋላ ተመለስኩ።

«ባንቴ! ድመት ሞታለች መሰለኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ገና ማለዳ ስለነበር ባንቴ በሙሉ አእምሮው መጣ። አልጋ አነሳን፣ ሳጥን ገለበጥን፣ ድመት የለም። አፍንጫዬን ተከትዬ ስሄድ መስኮቱ ላይ ደረስኩ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብሴን ብስበው ከላይ እስከ ታች ጠቁሮ፣ ሻግቶ፣ የክሊሙን ውሃ ጠጥቶ እንደ እርጉዝ በግ ከብዶ ወደቀልኝ። ከነፋስ ያዳነኝ እሱ ነበር። ሦስት ዓመት ሥሩ ተኝቼ፣ ሽታውን ቀስ በቀስ እየለመድኩ ተንፍሼዋለሁ።

በሁለት ጣቴ እየጎተትኩ ግቢ ሳወጣው ማዳም በረንዳው ላይ አፍንጫቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ማዳም፣ ይኼ ይሸት ነበር እንዴ?»

«ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ማዳም ባንቴን አዩት፤ ባንቴ መሬት መሬቱን አየ።

«ዐይብ ነው፣ ነውር፤ ለሰው እንዴት እንዲህ ይባላል?» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ ነሽ መስሎን ነበር።»

ከብርድ ልብሱ ጋር ግቢው መሃል ቆሜ ቀረሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ማዳም አንድም ቀን ፊታቸውን አላዞሩብኝም፤ ያበሰልኩትን በልተዋል፣ ሲያመኝ አጠገቤ ተቀምጠዋል። እኔ ደግሞ ከእሳቸው አፍንጫዬን ደብቄ የሸተተ ዓሣ አብልቻቸዋለሁ።

«እና አሁን ታሸቺያለሽ?» አሉኝ።

«ሁሉንም ማዳም።»

«እንግዲያው ታጥበሽ ማድ ቤት ግቢ። ረመዳን ደርሷል።»

ሁለት ጊዜ ታጥቤ ገባሁ።