ጠበል የተባለው ውሃ

ባለፈው ቅዳሜ የሰፈራችን ስብሰባ ላይ አንድ ሸጋ ልጅ ተነስቶ፣ ከቤቶቻችን በላይ ባለው ሸለቆ ለጓሮ አትክልት የሚሆን ውሃ ሊገደብ መሆኑን አስረዳን። ጎመን እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ማን ይጠላል? እጄን አውጥቼ፣ "ቢናድስ?" አልኩት። ፈገግ አለና፣ "እትዬ፣ ይቺ እኮ ትንሽዬ ኩሬ ናት፤ ምንም አታስፈራም" አለኝ። ደሜ ፈላ። ትንሽዬ! ይህን ቃል እዚሁ ጉለሌ ውስጥ፣ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ።

ያን ጊዜ ኮረዳ ነበርኩ። ከሸጎሌ ከፍ ብሎ፣ አትክልት አምራቾች በማህበር ሆነው የሠሩት የአፈር ግድብ ነበር። ክረምት ሲሞላ ከርሞ በበጋ በቦይ እየወረደ ጎመኑን፣ ቀይ ሥሩን፣ ካሮቱን ያጠጣል። በጥቅምት ፀሐይ በዚያ ያለፈ ሰው የእርጥብ አፈርና የድንብላል ሽታ ያውደዋል። ካሮት ነቅለን በቀሚሳችን ጠረግ አድርገን ስንበላ የሚቆጣን አልነበረም። እህቴ አስናቀች ከግድቡ ሥር፣ ወንዙ ዳር ባለች የጭቃ ቤት ትኖር ነበር። በዚያ ጥቅምት ሴት ልጅ ወልዳ አራስ ናት።

በዚያው ሰሞን ከግድቡ እግር ሥር ውሃ ፈለቀ። ኩልል ያለ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ ውሃ። አንዲት ሴት ዓይኗን ታጠበችበትና ተሻለኝ አለች። በቃ! ጠበል ፈለቀ ተባለ። ጀሪካን ያንጠለጠለው፣ በሽተኛ የደገፈው ሁሉ ከየሰፈሩ ጎረፈ። የነፍስ አባታችን መጥተው አዩና፣ "ልጆቼ፣ እስቲ አትቸኩሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሳትመረምረው ጠበል አይባልም" ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ጭራሽ ለመጠመቂያ ይስፋ ብለው በዶማ ቆፈሩት። የግድቡን እግር፣ በገዛ እጃቸው!

ሰንበት ብሎ እናቴ ቀድታ ያመጣችውን ጠርሙስ ሳየው ከሥሩ ቀይ አፈር ዘቅጧል። ይህ አፈር ከየት መጣ? ሄጄ ግድቡን አየሁት፤ ያው ቀይ አፈር ነው። ግድቡ ከውስጥ እየተቦረቦረ ነበር።

የማህበሩን ሰብሳቢ አቶ ደርበውን ሰላጣ ሲያስጭን አገኘሁት። ያኔ አንቱ ብዬዋለሁ፤ ዛሬ አልለውም።

"አቶ ደርበው፣ ይኼ ጠበል አይደለም፤ ግድቡ እያፈሰሰ ነው። እባክዎ ውሃውን ያስለቅቁት።"

"አስለቅቄ ለነቢያት ጾም የሚደርሰውን አትክልት ምን ላጠጣው? ምራቄን?"

"ከሥሩ ሰው አለ እኮ! እህቴ አራስ ናት።"

"ይቺን ትንሽዬ ኩሬ ነው የምትፈሪው? ሂጂ ወዲያ! ጠበል አይደለም ስትዪ ሰው እንዳይሰማሽ።"

ማስፈራራቱ ነበር። እሱ ራሱ ግን ከዚያ ውሃ አንድ ጉንጭ ሲቀምስ ያየው የለም። ጠበል አለመሆኑን ከሁላችንም በፊት ያውቅ ነበር። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያበግነው ይኸው ነው።

አስናቀች ዘንድ ወረድኩ። አልጋዋ ላይ ሆና ገንፎ ትበላለች፤ ቤቱ ቂቤ ቂቤ ይሸታል።

"አስኑ፣ ተነሺ፣ እናታችን ቤት እንሂድ" አልኳት።

"አበድሽ? ልጄ ክርስትና ሳትነሳ፣ በዚህ ፀሐይ? ምች እንዲመታኝ ነው?"

"ውሃው ደፍርሷል እኮ!"

"ጠበል ሥር ተቀምጬ ምን እሆናለሁ?" አለችና ወደ ገንፎዋ ዞረች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ግድቡ ጋ ስደርስ ውሃው እንደ አተላ ደፍርሶ ይንዶቀዶቃል። ሰዉ "ጠበሉ በረታ!" እያለ እልል ይላል። እልል! "ውጡ!" ብዬ ጮህኩ። የሰማኝ የለም። የነፍስ አባታችን ብቻ ነገሩ ገባቸውና በመቋሚያቸው እየገፉ ሰዉን ወደ ዳር ያወጡት ጀመር። እኔ ቁልቁል ሮጥኩ።

ለአስናቀች አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ሕፃኗን ከነጋቢዋ ላፍ አድርጌ ወጣሁ። እሷም በባዶ እግሯ፣ ራሷን እንኳ ሳትሸፍን፣ "ኧረ ልጄን! ኧረ ያዙልኝ!" እያለች ተከተለችኝ። ዳገቱን ጨርሰን አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ያዘችኝና በጥፊ አጮለችኝ። ልጇን ነጥቃኝ ልትደግመኝ እጇን እንዳነሳች ግድቡ ተናደ። ውሃው ወንዙ ዳር የሚግጡትን በጎችም፣ ጎመኑንም፣ የቤቷን ቆርቆሮም ጠራርጎ ወረደ። ሰው አልሞተም፤ ጠበልተኛውን የነፍስ አባታችን ወደ ዳር አውጥተውታል፣ የወንዝ ዳሩ ነዋሪም ያን ሰዓት ሽሮ ሜዳ ገበያ ላይ ነበር። የእህቴ እጅ ግን አየር ላይ እንደቀረ ቆየ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ደርበው ጋቢውን ተከናንቦ መጣ። "የእግዜር ቁጣ ነው፤ ጠበሉን ያረከሰ ሰው አለ" አለ። ሰዉም ራሱን ነቀነቀለት። አንድ የጠየቀው አልነበረም! ጥፋቱን ለእግዜር አሸክሞ፣ ተከብሮ ኖሮ፣ ተከብሮ ተቀበረ። ለቅሶው አልሄድኩም። አስናቀች እንኳ ዛሬም "ጠበሉ ነው ያወጣን" ትላለች። የእኔን ቁጣ "ያ አመልሽ" ነው የምትለው። ይሁን። ግን ያን ዕለት ያ አመል ባይኖረኝ ኖሮ ይህን የምትልበት አፍ ባልኖራት ነበር።

ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ታዲያ ያ ሸጋ ልጅ፣ "እትዬ፣ በቁጣ የሚሆን ነገር የለም፤ ይቀመጡ" አለኝ። ከጎኔ የተቀመጠችው የአስናቀች ልጅ፣ ያቺ ከነጋቢዋ ይዣት የሮጥኩት፣ አሁን የልጆች እናት ሆናለች። አፍራብኝ ቀሚሴን ጎተት ጎተት ታደርጋለች። እኔ ግን አልተቀመጥኩም። "ከግድቡ ሥር የሚኖረውን ሰው ስም ንገረኝና እቀመጣለሁ" አልኩት።

ልጁ የያዘውን ወረቀት ያገላብጥ ጀመር። ቀሚሴን የያዘው እጅ ለቀቀኝ።

"እኔ ነኝ" አለች የእህቴ ልጅ፣ ብድግ ብላ። "ከሥሩ የምኖረው እኔ ነኝ።"