ጎረቤቶቿን የለቀቀችው ህዋስ

አንዲት ህዋስ ከጎረቤቶቿ እጇን ስታላቅቅ፣ ቀሪዎቹ ይታወቃቸዋል?

ይህን የጠየቀችኝ መሐል ሜዳ ከተማ ባዮሎጂ የማስተምራት ልጅ ናት። ስለ ካንሰር ለማስረዳት ተማሪዎቼን ግቢው ውስጥ እጅ ለእጅ አያይዤ አቁሜያቸው ነበር። ህዋሶቻችን እንዲህ ተያይዘው ይኖራሉ፤ የሚያያይዛቸው ሽፋናቸው ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። እሱን ከውስጥ በኩል ሌላ ፕሮቲን ይደግፈዋል። ማያያዣው ሲጠፋ ደጋፊው ሥራ ፈት ይሆናል። የሚያስወግደው ካልተገኘ፣ ጂኖቹ ወዳሉበት ወደ ኒውክለሱ ይገባና እድገትን የሚያዙትን ጂኖች ይቀሰቅሳል። ህዋሷ ያለ ልክ ትባዛለች፤ ከሰፈሯም ወጥታ ትሄዳለች።

መሐል የቆመውን ተማሪ «እጅህን ልቀቅ» አልኩት። ዳር ያሉት ምንም ሳያውቁ እየተሳሳቁ ቆመው ቀሩ። ልጅቷ የጠየቀችኝ ያን ጊዜ ነው።

«አንብቤ እመለስበታለሁ» አልኳት።

ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ ነው፤ ያላወቅኩትን አውቃለሁ ማለት አይሆንልኝም። አነበብኩ፤ እስካሁን ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘሁም። ያነበብኩትም ለልጅቷ ብዬ ብቻ አልነበረም። ግራ ጡቴ ውስጥ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ፣ ባቄላ የሚያህል እብጠት ካገኘሁ ሰንብቶ ነበር። ጠንካራ ነው፤ ሲነኩት አያምም። እብጠት ሁሉ ካንሰር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሳይመረመር እንደማይለይም አውቃለሁ። እያወቅኩ ግን መቀመጥም ሐኪም ቤት መሄድም አቃተኝ። ፈተና እያረምኩ ብድግ እላለሁ፤ በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ያረምኩትን ደግሜ አርማለሁ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ እጄን ብብቴ ሥር አገኘዋለሁ። ልጆቹ በርዶኝ ይመስላቸዋል። በመንዝ ብርድ ማን ይጠረጥራል?

ቅዳሜ፣ ያሳደጉኝ ታላቅ እህቴ የበግ ጠጉር ሊሸጡ ገበያ መጡ። እትዬ ነው የምላቸው። ጆንያውን ላግዛቸው ብዬ በቀኝ እጄ ብቻ ጎተትኩ።

«ግራሽን ለማን አከራየሽው?»

ጆንያውን መጎተቴን ቀጠልኩ።

«አንቺ! እኔ በግ ዳብሼ የምገዛ ሴት ነኝ። ምን ሆነሻል?»

«ጡቴ ውስጥ እብጠት አለ፣ እትዬ።»

ከጠጉር ሻጮቹ ጀርባ፣ ከድንጋዩ ካብ ሥር ወሰዱኝና እጃቸውን በነጠላዬ ውስጥ አስገቡ። ጣቶቻቸው እብጠቱን አገኙት። ቀልዳቸው ጠፋ።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም።»

«ይኼን ሁሉ ልጅ ስታስተምሪ ከርመሽ!» አሉ። ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ደግሞ፣ «የሐኪም ብረት ከነካው ይሰራጫል ይባላል። እሱን ፈርተሽ ነው?»

«አይደለም፣ ካንሰር ከሆነ የሚሰራጨው ዝም ብለው ሲያስቀምጡት ነው» አልኩ፤ ክፍል ውስጥ እንደምናገረው፣ ፍጥን ብዬ።

አዩኝ።

«ታዲያ ለምን ታስቀምጪዋለሽ?»

እትዬ መልስ አልጠበቁም፤ ያልተሸጠውን ጠጉር ወደ ጆንያው መልሰው እየጠቀጠቁ፣ «ሰኞ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሚያደርሰን ሚኒባስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አሉኝ።